መልክ የሌለው ብር

ንዳድ ወደ ደጋ በወጣበት ዓመት ክረምቱ ቶሎ ገባ፤ ቶሎም አልወጣም። ሐምሌ ላይ በረዶ ገብሱን አረገፈው። ነሐሴ ላይ የቀረውን ስንዴ ዋግ መታው። መስከረም ሲጠባ ከዓባይ በረሃ በኩል ትኩሳቱ መጣ። ንዳድ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ሰው ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው አልን። መጀመሪያ ለሥራ ቆላ ወርደው የነበሩት ሞቱ። ቀጥሎ ቆላን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ሞቱ። የሚያጭድ ጠፋ። የደረሰው ጤፍ ቆሞ ረገፈ። ላሞች ሳይታለቡ ውለው ጮኹ። መቃብር ቆፋሪው ሲወድቅ እኛው ቆፈርን። ለቅሶው እንደ ወጉ አልሆነም፤ ፍትሐቱም ለብዙዎች በአንድነት ተደረገ።

በዚያ መከር ከሞቱት አንዱ ግንበኛው ወልደ ሚካኤል ነበር።

ወልደ ሚካኤል ጎንደሬ ነው። ከአምበር ወዲያ ያለውን የእኛን ደብር፣ ሚካኤልን፣ በድንጋይ ልናሠራ ስንነሳ ደብረ ማርቆስ ሄደን ያመጣነው ሰው ነው። ረጅም ነበር፤ ቃልም አያበዛም። እጁን ኖራ በልቶታል፤ ታጥቦም ነጭ ነው። ያረፈው የብርጓል የምትባል እህቴ ቤት ነበር። የብርጓል ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ከእንዳላማው ጋር ትኖር ነበር። ቤቷ ለቤተ ክርስቲያኑ ስለሚቀርብ ደብሩ ቀለብ እየሰፈረላት አሳደረችው።

ወልደ ሚካኤል አፉ የሚፈታው ስለ ከተማው ሲያወራ ብቻ ነው። በወጣትነቱ የጥንት ነገሥታት ግንብ ሲጠገን ሠርቷል። እንዳላማው ያኔ ጎረምሳ ነበርና ይነካካው ነበር።

«አያ ግንበኛ፣ ያ ግንብህ ስንት በሬ ያሳድራል?»

«የበሬ ቤት መሰለህ? የንጉሥ ቤት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ የትኛው ንጉሥ አለበት?»

«ማንም የለበትም።»

«እና ማንም ለማያድርበት ቤት ነው እጅህ እንዲህ የተላጠው?»

ወልደ ሚካኤል እጁን አገላብጦ አየ። «ቤቱ ይሠራ እንጂ የሚገባበት አይጠፋም» አለ።

ስለ ማህበራችን ልንገራችሁ። የሚካኤልን ማህበር በየወሩ በአሥራ ሁለት እንጠጣለን። ተረኛው ይደግሳል። ዳቦው ይባረካል፤ ጠላው ከጽዋው ይቀዳል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ የሚሸፈን የሸክላ ዕቃ ነው። ስንጨርስ የሚቀጥለው ተረኛ ይሰግድና ጽዋውን ይቀበላል፤ እየዘመርን ቤቱ እናደርሰዋለን። ጽዋ በእጅ ይቀበሉታል፣ በእጅ ያስረክቡታል። የተቀበለው ሰው ደግሶ እስኪያስረክብ ድረስ ባለ ዕዳ ነው። የማህበሩ መሪ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ መሪጌታ አካለ ወልድ ነበሩ። ዳቦውን የምቆርሰው እኔ ነኝ።

ወልደ ሚካኤል ማህበራችን ገባ። መስከረም አሥራ ሁለት ጽዋውን ተቀበለ። የጥቅምቱ አሥራ ሁለት ሳይደርስ ወደቀ። ከእሱ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርሁ።

ትኩሳቱ ሲበረታበት ከምድጃው ፍሙ የጠፋ ከሰል አንስቶ መደቡ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ መሣል ጀመረ። እጁ እየተንቀጠቀጠ መስመሩ ግን አልተንቀጠቀጠም። ባለ ብዙ ጉልላት ግንብ ሣለ። ከጎኑ የድንጋይ ደረጃ ሣለ። ደረጃው ላይ አንድ ትንሽ ሰው አቆመ።

«ይኸ ማነው?» አለችው የብርጓል።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ስጨርስ እወርዳለሁ» አላት። ከዚያ ጥግ ወዳለው ጽዋ አየ። «አልደገስሁም እኮ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ቀበርነው። ዘመዶቹን ማንም አያውቅም። ጎንደር ትልቅ አገር ነው፤ ለማን እንላክ?

ትኩሳቱ በረድ ሲል የብርጓል ወደ መሪጌታ ሄደች። አብሬያት ነበርሁ።

«መሪጌታ፣ ጽዋው ቤቴ ነው ያለው። እኔ ልደግስለትና ይውጣልኝ።»

«ተቀብለሽዋል?»

«እኔማ አልተቀበልሁም።»

«ያልተቀበልሽውን እንዴት ታስረክቢያለሽ?»

«ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«መሞቱንማ ፍትሐቱ ላይ ቆሜያለሁ። ዘመድ ይምጣ። ልጅም ይሁን፣ ወንድም ይሁን፣ ሥጋው የሆነ ይምጣ። ጽዋ እንደ ቅል ከቤት ቤት አይንከባለልም።»

መሪጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም። የያዙትን አይለቁም እንጂ። ከዚያ ወር ጀምሮ ማህበሩን በደጀ ሰላም ያለ ጽዋ መጠጣት ጀመርን። ዳቦ ከየቤታችን እናመጣለን።

ነገሩ በዳቦው ተጀመረ። እኔ የምቆርሰው ሰው ቆጥሬ ነው። ከአባቴ የተማርሁት ነው፤ ተሳስቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ደርሶት አንድ ቁራሽ ሌማቱ ላይ ቀረ። የሚቀጥለው ወር ተጠንቅቄ ቆረስሁ፤ አንድ ተረፈ። ሌላ ጊዜ ሆን ብዬ አንድ አጉድዬ ቆረስሁ። ሁሉም ሰው እጁ ላይ ዳቦ ነበረ፤ ሌማቱ ላይም አንድ ነበረ።  ለመሪጌታ አሳየኋቸው። ቁራሹን አገላብጠው አዩ።

«የቀረ ማህበርተኛ ድርሻው ወደ ቤቱ ይላክለታል» አሉ። «ወጉ ይኸው ነው።»

«ቤቱ የት ነው?»

«ጽዋው ያለበት ነዋ።»

ቁራሹን ወሰድሁና የብርጓል ቤት ጽዋው አጠገብ አስቀመጥሁት። ማግሥቱን ብሄድ የለም።

«አይጥ ይሆናል» አልኋት።

«አይጥ ፍርፋሪ ይተዋል» አለች የብርጓል። ቦታውን አሳየችኝ። ንጹሕ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ወር በገባ አሥራ ሁለት አንድ ይተርፋል፤ እኔ አደርሳለሁ፤ ማግሥቱን የለም። ስለዚህ ነገር ከእህቴ ጋር ማውራት ተውን።

ግድግዳውም ነበር። የብርጓል በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ቤቷን በእበትና በጭቃ ትለቀልቃለች። ሥዕሉን ለቀለቀችው። ጭቃው ሲደርቅ ግንቡ ተመልሶ ወጣ። በነጭ አፈር ደግማ ለቀለቀችው። መጀመሪያ ጉልላቱ፣ ከዚያ ደረጃው፣ መጨረሻ ላይ ትንሹ ሰው ወጣ። ሴቶቹ ሊያዩት መጡ፤ ካዩት በኋላ መምጣት ተዉ። አገሩ «ግንብ የሚበቅልበት ቤት» ይለው ጀመር።

እንዳላማው ሚስት አገባና እዚያው ቤት አስገባት። ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ረፋድ ስትጠርግ ጮኸች። እኔ ደጅ እንጨት እፈልጥ ነበር፤ ገባሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«የጽዋው አንገት ላይ የጣት ፈለግ አለ። ነጭ።»

«ዱቄት ነው» አለቻት የብርጓል።

«እማማ፣ ዛሬ ማን ዱቄት ነካ?»

 እኔ ቀርቤ አየሁ። ሸክላው ላይ የአራት ጣት ፈለግ ነበረ። ረጃጅም ጣቶች ናቸው። እንዳላማው በዚያው ሳምንት ሚስቱን ይዞ ሉማሜ ወረደ፤ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ።

«ጽዋው ከዚህ ቤት ሲወጣ እመለሳለሁ» አላት እናቱን። «እስከዚያ ልጆቼ ይህን ደፍ አይረግጡም።»

አልረገጡም። የብርጓል የልጅ ልጆቿን የምታያቸው በዓመት አንድ ቀን፣ ሉማሜ ገበያ፣ በሰው መሐል ነበር። እያረጀች ሄደች። ደረቷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«አያ ታረቀ፣ ብሞት ማን ቤት ነው ሬሳዬ የሚያድረው?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ቤቴ የማን ነው?» አለች። ወደ ጥግ አላየችም፤ እኔም አላየሁም። «ሞትን አልፈራሁም። ልጄ በዚህ በር ሳይገባ መሞት ግን አልፈልግም።»

ዓመታት አለፉ። ከዚያ ብሩ መጣ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። አምበር ገበያ ጨው ልገዛ ወጥቼ ነበር። አንዲት ሴት ሰው ከብቧት አየሁ። ጎልማሳ ናት፤ አቧራ ለብሳለች። መዳፏ ላይ በመሐረብ የያዘችውን ነገር ለእያንዳንዱ ታሳያለች። ተጠግቼ ቆምሁ። ብር ነው። አዲስ፣ ነጭ፣ ከባድ ብር። በአንድ በኩል ዙሪያውን ጽሕፈት ያለበት መስቀል አለ። በሌላው በኩል ግንብ አለ። የሰው መልክ የለበትም።

«ንጉሡስ የት ሄዱ?» አለ አንድ ነጋዴ።

«ፀሐይ በርትቶባቸው ግንቡ ውስጥ ገብተዋል» አለው ጓደኛው።

«አፍህን ሰብስብ፤ ጭቃ ሹሙ ከኋላህ ነው።»

ሰው ሳቀ። ግን ብሩን የነካ አልነበረም። በድሮው ጠገራ ብር ላይ የፈረንጅ ንግሥት አለችበት፤ በአሁኑ ብር ላይ ንጉሡ አሉበት። ማንም የሌለበት ብር የማን ነው? አንዱ ሽማግሌ «ባለቤት የሌለው ነገር ነው፤ ሰው ይፈልጋል» ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። «ልሸጠው አይደለም» አለች። «ይህን ግንብ ከጠገኑት አንዱ አባቴ ነው። ወደ ጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ እንደ ወጣ ቀረ። ደብረ ማርቆስ ጠይቄ ወደዚህ መሩኝ። የሚያውቀው አለ?»

ሽንኩርት ሻጯ ሸጊቱ አንገቷን አስግጋ አየች። ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ይህን አውቀዋለሁ! የብርጓል ግድግዳ ላይ ያለው ነው!» ከዚያ አማተበች። «ከሽንኩርቴ አርቂልኝ፣ እህቴ። በማርያም አርቂልኝ።»

ሰዉ ተበተነ። እኔና ሴትየዋ ቀረን።

«አባትሽ ማን ይባላል?» አልኋት።

«ወልደ ሚካኤል።»

አተኩሬ አየኋት። ዓይኔን አየችና «እጁ ነጭ ነው» አለች። «ያውቁታል?»

«ቀብሬዋለሁ» አልኋት።

አላለቀሰችም። ብሩን በመሐረቡ ጠቀለለችና አንገቷን ደፋች። መንገድ ላይ ነገሯን ነገረችኝ። ስሟ ታየች ነው። ጎንደር ከተማ ጥንታዊነቱን ሲያከብር ይህን ብር አስመታ። ግንቡን ለጠገኑት ግንበኞች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተሰጠ። ስም ሲጠራ የአባቷ ስም ተጠራ። «አቤት» የሚል ጠፋ። እጇን አነሳች።

«አለ ወይስ ሞቷል? አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። ካለ ስጪው፤ ከሞተም ያንቺ ነው አሉኝ። የእኔ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

የብርጓል ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር። ታየችን አየች፤ ረጅም ጣቶቿን አየች።

«ልጁ ነሽ» አለች።

«ነኝ፣ እናቴ።»

«ብዙ ቆየሽ እኮ።»

ገባን። ታየች ግድግዳው ፊት ቆመች። ብሩን አውጥታ ከሥዕሉ አጠገብ ያዘችው። ጉልላቱ አንድ ነው፤ ደረጃውም አንድ ነው። ዓይናችንን ከአንዱ ወደ ሌላው ወሰድን።

«ደረጃው ላይ ያለው ማነው?» አለች።

«አባትሽ ነው» አለች የብርጓል። «እኔ ነኝ ብሎኛል።»

«ብሩ ላይ የለም።»

«አይኖርማ» አለች የብርጓል። «እዚህ ነው ያለው። ስጨርስ እወርዳለሁ ነበር ያለኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ጽዋውን አሳየቻት። ልጇን ነገረቻት። «እኔ ገንዘብሽን አልፈልግም፤ ብርሽንም አልፈልግም። የአባትሽን ዕዳ አውጪልኝና ልጄ ቤቱ ይግባ» አለቻት።

ታየች ከአባቷ መቃብር ላይ ትንሽ አፈር ቋጠረች። ከዚያ ቀሚሷን አጥፋ ጌሾ ለመውቀጥ ተቀመጠች። ኅዳር ሚካኤል እየቀረበ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ጠመቁ፣ ብቻቸውን ፈጩ። ጎረቤት የሚረዳ አልመጣም። እንጨቱን እኔ አመጣሁ።

የበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጽዋው እንዲታጠብ ከጥጉ አወጡት። ከተቀመጠ ጀምሮ የከፈተው አልነበረም። ጨርቁ ተበጣጥሷል። ታየች ክዳኑን አነሳች። የዳቦ ሻጋታ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምንም የለም። ታች ግን ነጭ ትቢያ ነበረ። በጣቷ ነካችው፤ አሸተተችው። የግንበኛ ልጅ ናት።

«ኖራ ነው» አለች።

«ሸክላ ሲያረጅ ይነጣል» አልሁ። 

ኅዳር አሥራ ሁለት ማህበርተኛው ሁሉ መጣ። ያ ቤት ከዚያ ክረምት ወዲህ ይህን ያህል ሰው አላየም። ሰዎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ላለመስጠት ሲገፋፉ ቆዩ፤ በመጨረሻ ሁሉም ፊቱን ወደ ሥዕሉ አድርጎ ተቀመጠ፤ ያም አልጣማቸውም። መሪጌታ አርጅተው ነበር። በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ጸሎት እናድርስና መጀመሪያ ጽዋው ይውጣ» አሉ። «ዳቦውም ጠላውም ከዚያ በኋላ ነው።»

አቡነ ዘበሰማያት ደረሰ። ታየች ጠላ የሞላውን ጽዋ አነሳች። እኔ ልቀበል ሰገድሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በመሐላችን ዘረጉ።

«ቆዩ።»



«ልጅ ናት፤ ደግሳለች። እግዜር ይስጥልን። ድግሱ ተከፍሏል። ጽዋውን ግን የተቀበለው የእሱ እጅ ነው። ሥጋው ይምጣ ብዬ ነበር፤ መጣ። አሁን ሳስበው ግን ልቤ አልረጋም። ይህን ሁሉ ዓመት የያዘው እጅ ሳይለቅ እኛ ብንወስድ፣ ወስደናል ወይስ ቀምተናል?»

«ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አለ አንዱ። «መቃብር እንቆፍር?»

የብርጓል ከጓዳ ወጣች። ሊጥ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነበር። ለመሪጌታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት።

«እጁ ነው የጎደለዎት፣ መሪጌታ?»

«እጁ ነው።»

«ታየች፣ ያን ብር አምጪው።» ከታየች አንገት ላይ ራሷ ፈታችው። መሐረቡን ፈትታ ብሩን በመሪጌታ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ይኸውልዎ እጁ። ይህን ግንብ ማን ጠገነው? ያ እጅ እንዲያ የሆነው በምን ሆነና? ሰውየው እጁን የጣለው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ከተማው ይህን እጅ አክብሮ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የላከለት። መቃብር ቢቆፍሩ አጥንት ነው የሚያገኙት። እጁ ይኸ ነው።»

መሪጌታ ብሩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። አገላበጡት። መቋሚያቸውን እየነቀሉ እየተከሉ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ብሩን ከሥዕሉ አጠገብ አድርገው ብዙ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚጸልዩ ይሁን የሚቆጥሩ አላወቅሁም። ጣታቸውን ትንሹ ሰው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሱት።

«ብርድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ምኑን እንዳሉ አልገባኝም።

ተመለሱ። ብሩን ለታየች ሰጧት።

«ከጽዋው ሥር ያዢው» አሉ። «በእሱ ላይ አድርገሽ አስረክቢ።»

ታየች ብሩን መዳፏ ላይ፣ ጽዋውን ብሩ ላይ አኖረች። እኔ እንደገና ሰገድሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ያዝሁት። አልመጣም።

ከባድ ነበር። የታየችን ፊት አየሁ፤ ዓይኗ ፈጥጧል። እኔ እስባለሁ፤ እሷም እየሰጠችኝ ነው። ከወዲያ በኩል የያዘው የእሷ ሁለት እጅ ብቻ አልመሰለኝም። እጆቼ መሐል ብርድ አለፈ፤ የዋሻ ብርድ፣ ያልደረቀ ግድግዳ ብርድ። መሪጌታ በዝግታ «ወልደ ሚካኤል፣ ጨርሰሃል» አሉ። «ስቅቅ አይበልህ። ተቀብለናል።»

ተለቀቀ። ድንገት ስለቀለለ ወደ ኋላ ተንገዳገድሁ፤ ጎረቤቴ ደገፈኝ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ታየች ብሩን ጽዋው ውስጥ ጣለችው፤ ጠላው ውስጥ ሰጠመ።

«እዚያው ይሁን» አለች። «እኔ አፈሩን እወስዳለሁ።»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታው ግን ቶሎ አለቀ። ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። ዳቦ ቆራሹ እኔ ነኝ። የዳቦውን ነገር የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም።

ጽዋውን አስቀመጥሁ። ድፎው ተባረከ። ሰዉን ቆጠርሁ፤ ደግሜ ቆጠርሁ። ታየችን ጨመርሁ፤ የብርጓልን ጨመርሁ። ራሴን አልረሳሁም። ቆረስሁ። ሌማቱን ይዤ ከመሪጌታ ጀምሬ ዞርሁ። ሰው ዳቦውን ይቀበላል እንጂ አይበላም፤ እጁ ላይ ይዞ ሌማቱን ያያል። የመጨረሻዋ የብርጓል ነበረች። ሰጠኋት።

አንድ ቁራሽ ተርፏል።

 የብርጓል ሌማቱን አየች። የያዘችውን ቁራሽ ቀስ ብላ መደቡ ላይ አኖረችው። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ይህን ሁሉ ዓመት ተስፋ ስትቆርጥ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ አየሁ። ታየች «አባቴ» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

በሩ በመጋረጃ ተጋርዶ ነበር። ከውጭ በኩል እጅ ገባና መቃኑን ያዘ። ረጅም እጅ። እስከ ክንዱ ነጭ።

አንዲት ሴት ጮኸች። ሰው ወደ ኋላ ተገፋ። ጠላ ተደፋ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሱ።

«ማነህ? በስመ ሥላሴ፣ ማነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። «እንዳላማው።»

ጎንበስ ብሎ ደፉ ላይ ቆመ። ደፉን አልተሻገረም። ፀጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ልብሱ ነጭ ነበር።

«ሳልታጠብ ነው የመጣሁት» አለ። «ወፍጮ ላይ ሳለሁ ነገሩኝ፤ ማሽኑን ለጓደኛዬ ትቼ መኪና ላይ ዘለልሁ። ጽዋው ይወጣል አሉኝ።» እናቱን ፈለገ፤ አገኛት። «ወጣ?»

የብርጓል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ወጣ» አሉ መሪጌታ። «ታረቀ ተቀብሎታል።»

«ልጆቹስ?» አለች የብርጓል። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«ከእናታቸው ጋር ከኋላ እየመጡ ነው። ከመኪናው አብረን ወርደን ወንዙ ጋ ትቻቸው ሮጥሁ።»

ደፉን ተሻገረ። ሌማቱን ዘረጋሁለት። ቁራሹን በነጭ እጁ አነሳው፤ ርቦት ነበርና ቆሞ በላ።  የብርጓል የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ እግሩ ሥር ያለውን መሬት ነበር።

ፍርፋሪ ወደቀ፤ ጽዋው አጠገብ ያን ሁሉ ዓመት ያልወደቀ ፍርፋሪ። አየችው። ከዚያ ተቀመጠችና የራሷን ቁራሽ አንስታ መብላት ጀመረች።